የቃል ክፍሎችን ሸምድዶ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለሚጠፉበት ልጅ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ሰባተኛ ክፍል የሚማረው ልጅዎ ስምንቱን የእንግሊዝኛ የቃል ክፍሎች ከነትርጓሜያቸው በቃሉ እንደሚወጣቸው፣ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲያገኛቸው ግን እንደሚምታቱበት ጽፈዋል። እንግሊዝኛ ሳስተምር በብዛት የማየው ይህንኑ ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ የሸመደደው ትርጓሜ ነው የማያግዘው።

«ናውን የሰው፣ የቦታ ወይም የነገር መጠሪያ ነው» ብሎ የያዘ ልጅ «ቡክ»ን ባየበት ሁሉ ስም ያደርገዋል። «አይ ቦት ኤ ቡክ» ላይ ልክ ነው። «ፕሊስ ቡክ ኤ ሩም» ላይ ግን ክፍል ይያዝልኝ ማለት ስለሆነ ያው ቃል ግስ ሆኗል። «ፋስት»ም «ኤ ፋስት ካር» ላይ መኪናውን ስለሚገልጽ ቅጽል፣ «ሺ ራንስ ፋስት» ላይ ሩጫዋን ስለሚገልጽ ተውሳከ ግስ ነው። ክፍሉ የሚለየው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በሚሰጠው አገልግሎት ነውና ዝርዝሩን ለጊዜው ያቆዩት።

መጀመሪያ ግሱን ያስፈልጉት። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚያርፍ የልጆቻችን ዓይን ወደዚያ ይሮጣል። «አበበ በሶ በላ» በእንግሊዝኛ «አበበ ኤት በሶ» ነው፤ ግሱ ከባለቤቱ አጠገብ ይቆማል፣ ተሳቢው ይከተላል። ግሱ ሲገኝ «ማን?» ብሎ ይጠይቅ፤ ባለቤቱ ይወጣል። እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ። በእኛ ቋንቋ «መጣ» ብቻውን ሙሉ ሐሳብ ነው፤ እንግሊዝኛ ግን «ሂ ኬም» ካላለ አይበቃውም። «ዘነበ» ለማለት እንኳ «ኢት ሬንድ» ብሎ የባለቤቱን ቦታ ይሞላል። ተማሪዎቼ ድርሰት ሲጽፉ ደጋግመው የሚዘሉት ይህን ነው።

መስተዋድድ ቦታው ብቻ ይለያል፤ «ጠረጴዛው ላይ» የምንለው «ኦን ዘ ቴብል» ይሆናል። ቃለ አጋኖ ጊዜ አይፈጅም።

ከዓረፍተ ነገር ዓይነቶችም ሐተታዊው፣ ትእዛዛዊውና አጋናዊው ብዙ አያስቸግሩም፤ ትእዛዛዊው ባለቤቱን አብዛኛውን ጊዜ እንደማይጠራ ብቻ ያሳዩት። የሚያደክመው መጠይቃዊው ነው። እኛ «ቡና ትጠጣለህ» የሚለውን በድምፃችን ብቻ ጥያቄ እናደርገዋለን፤ እንግሊዝኛ ግን «ዱ ዩ ድሪንክ ኮፊ?» ብሎ ረዳት ግስ ያስቀድማል። ያለፈ ጊዜ ሲሆን ጊዜውን «ዲድ» ይሸከምና ዋናው ግስ ወደ መነሻ ቅርጹ ይመለሳል፦ «ዲድ ሂ ጎ?» እንጂ «ዲድ ሂ ዌንት?» አይባልም። «ሺ ኢዝ ሂር» ዓይነቱ «ዱ» አያስፈልገውም፤ «ኢዝ» ራሱ ወደ ፊት ወጥቶ «ኢዝ ሺ ሂር?» ይሆናል።

ፈተና ስያሜዎቹን መጠየቁ ስለማይቀር በኋላ ይመለሱባቸዋል። እስከዚያው ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ አጭር ምንባብ እየመረጠ በእርሳስ ግሶቹን ያስምር፣ ባለቤቶቹን ያክብብ። ልጅዎ ራሱ የጻፈው አንቀጽ ካለ እዚህ ይለጥፉልን፤ አብረን እናየዋለን።