አፕዴት ከተደረገ በኋላ ስክሪኑ እየጠቆረ ለሚያስቸግር ፋየር ቲቪ ስቲክ

ፋየር ቲቪ ስቲክ (ቲቪ ላይ ተሰክቶ ቪዲዮ ከኢንተርኔት የሚያሳይ የአማዞን መሣሪያ) ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ብልጭ ድርግም ካለ ተቃጥሏል ብለው አይጣሉት። አፕዴቱ የምስል ጥራቱን ወደ አውቶ መልሶት ሊሆን ይችላል። ያኔ 4ኬ የሚችል ስቲክ ከሆነ 4ኬ በ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ምስል) ከኤችዲአር (ብርሃንና ቀለምን ከሚያጎላ የምስል ዓይነት) ጋር ለመላክ ይሞክራል፤ ይህ ደግሞ በሰከንድ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ኬብልና ፖርት ይፈልጋል። ለ10.2 ጊጋቢት የተሠራ የቆየ ኬብል አይችለውም።

መጀመሪያ ቲቪውንም ስቲኩንም ከሶኬት ነቅለው 2 ደቂቃ ያቆዩ። በሪሞት ማጥፋት አይበቃም። ከዚያ ቲቪውን አስቀድመው ያብሩና ስቲኩን ሌላ የኤችዲኤምአይ ፖርት ላይ ይሰኩ፤ መሃል ላይ ማከፋፈያ ወይም ሳውንድባር ካለ ለጊዜው ያውጡት።

ሜኑው ጭራሽ ካልታየ ሪሞቱ ላይ የላይኛውን አቅጣጫና ሪዋይንድን አንድ ላይ ለ10 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። ስቲኩ የምስል ጥራቶቹን በየተራ ይሞክራል። አይቸኩሉ፣ እያንዳንዱ 10 ሰከንድ ያህል ይቆያል። ጥርት ያለ ምስል ሲመጣ እሱኑ ይምረጡ።

ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ማሳያና ድምፅ ገብተው 1080ፒ 60 ኸርዝ ላይ ያድርጉት፣ ኤችዲአሩንም ያጥፉ። በዚህ ከረጋ ጥፋቱ የኬብሉ ወይም የፖርቱ ነው፤ ኬብል ቀይረው ወደ 4ኬ ይመለሱ። ቪዲዮ ሲጀምር ብቻ ለአፍታ የሚጠቁር ከሆነ ግን ብልሽት አይደለም፤ ፍሬም ሬት ማዛመጃው (የቲቪውን የምስል ፍጥነት ከቪዲዮው ጋር የሚያስተካክለው) በርቶ ሊሆን ይችላል።

ስቲኩን ከቲቪው ዩኤስቢ ኃይል እየሰጡት ከሆነም ወደ ራሱ አዳፕተር ይመልሱት። ፋክተሪ ሪሴት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፣ አፖቹን ሁሉ ያጠፋል።