ያልነካው ሰው እንዴት ተሰቀለ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን ከጓደኞቼ ጋር በአንድ የድሮ የአሜሪካ ግድያ ተጨቃጨቅን። ሴለም በምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ አንድ ሀብታም ሽማግሌ ተኝቶ ሳለ ይገደላል። ውጭ መንገድ ላይ የቆመ ወጣት ግን ተሰቀለ። እኔ እጁን ሳያነሳ እንዴት አልኩ፣ ጓደኛዬ ደግሞ ይበለው አለ። ማናችን ልክ ነን?
(ከታቦር ክፍለ ከተማ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሟቹ በመርከብ ንግድ የከበረው የ82 ዓመቱ ካፒቴን ጆሴፍ ኋይት ነው። ኤፕሪል 6 ቀን 1830 ሌሊት አልጋው ላይ በዱላ ተመትቶ፣ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። ከቤቱ የተወሰደ ገንዘብ አልነበረም። ከተማውን ያስበረገገው ይሄ ነው። ሌባ ካልሆነ ማን ነው?

ነገሩ የውርስ ጉዳይ ነበር። የካፒቴኑን ቤት የምታስተዳድረው ዘመዱ ነበረች፣ ጆሴፍ ናፕ ደግሞ የልጇ ባል ነው። ሽማግሌው ያለ ኑዛዜ ከሞተ አማቴ ብዙ ትወርሳለች ብሎ አሰበ። ኑዛዜውን ከሣጥን ሰረቀ፣ መስኮቱን ሳይቆልፍ ተወ፣ በወንድሙ በፍራንክ በኩል ሪቻርድ ክራውኒንሺልድ የሚባል ሰው በ1,000 ዶላር ቀጠረ። የሚጸናው ኑዛዜ ግን ጠበቃ ቢሮ ነበር። ያ ሁሉ ደም በከንቱ!

የተያዙበት መንገድ ደግሞ ይገርማል። ምስጢሩን ያወቀ አንድ ሰው ገንዘብ ካልሰጠኸኝ አወጣዋለሁ ብሎ ለጆሴፍ ናፕ ደብዳቤ ጻፈ። አባትየውም ስማቸው ጆሴፍ ናፕ ነው። ደብዳቤው እሳቸው እጅ ገባ፣ ከፍተው አነበቡት፣ ምንም አልገባቸውም። ነዋሪው ነፍሰ ገዳዩን እንዲያፈላልግ ላቋቋመው ኮሚቴ ደረሰ። እኚህ አባት ሁለት ልጆቻቸውን ቀበሩ፣ አሳዛኙ ክፍል ለእኔ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። በዚያ ዘመን በነበረው ሕግ ዋናው ገዳይ ሳይፈረድበት ግብረ አበሩ አይፈረድበትም። ክራውኒንሺልድ እስር ቤት ውስጥ በመሐረብ ራሱን ሰቀለ። ጆሴፍም ምሕረት ተገብቶለት ከተናዘዘ በኋላ ፍርድ ቤት አልመሰክርም አለ። ክሱ ሊፈርስ ነው። ስለዚህ ለከሳሽ ወገን የቆመው ስመ ጥሩው ጠበቃ ዳንኤል ዌብስተር፣ ያ ያልከው ወጣት ፍራንክ፣ ብራውን ስትሪት በተባለው መንገድ ላይ የቆመው ለመርዳት ተዘጋጅቶ ነው፣ በሕግ ዓይን ግድያው ላይ እንደነበረ ይቆጠራል፣ ዋና ወንጀለኛ ነው ብሎ ተከራከረ። የመጀመሪያዎቹ የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) አልተስማሙም፣ ሁለተኛዎቹ ፈረዱ። ፍራንክ ሴፕቴምበር 28፣ ጆሴፍ ዲሴምበር 31 ተሰቀሉ።

ስለዚህ በፍርዱ ጓደኛህ ረታ። ያንተ ጥያቄ ግን ተራ አይደለም፣ መንገድ ላይ ቆሞ ምን ረዳ የሚለው እኔንም ያከራክረኛል። ስቅላቱ ለእኔ በዝቷል። ነፃ ይሂድ ግን አልልም፣ ገዳዩን ያገናኘው እሱ ነው። በእኛው የ1996 ወንጀል ሕግ አንቀጽ 32 መሠረትም፣ ድርጊቱን በእጁ ባይፈጽምም በወንጀሉና በውጤቱ ሙሉ ተካፋይ የሆነ ሰው ዋና ወንጀል አድራጊ ነው። ለሚቀጥለው ክርክራችሁ አንቀጽ 37ንም አብራችሁ አንብቡ፣ ስለ አባሪ የሚናገረው እሱ ነው።