ተከራካሪ አያሳጣችሁ

ውድ ልጆቼ፣

ጡረታ የወጣ ሰው ለወጣቶች ምክር ጻፍ ሲባል ብዙውን ጊዜ ስለ ቁጠባ ይጽፋል። ቁጠባ ደግ ነገር ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ግን ስለ ብር የምለው የለም። የምጽፍላችሁ ስለ ጭንቅላት ነው። ዕድሜዬን በቅየሳ ሥራ ያሳለፍኩ፣ ጣና ዳር ኖሬ ባሕር ዳር ላይ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሙያ ጓደኞቼን ስመለከት አንዳንዱ ሰባን አልፎም አዲስ ነገር አያጣም፤ አብራችሁት ቡና ስትጠጡ ሰዓቱ ይሄድባችኋል። ሌላው ደግሞ ቢሮውን በለቀቀ በዓመቱ ወሬው አልቆበት ያንኑ የመስክ ታሪክ ይደግማል። ሁለቱም አንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል፣ አንድ ድንኳን ውስጥ አድረዋል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ይህን ብዙ አስቤበታለሁ፤ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

የአገራችን ሕግ ለመንግሥት ሠራተኛ መደበኛውን የጡረታ ዕድሜ 60 አድርጎታል። ጭንቅላት ይህን ሕግ አንብቦት አያውቅም። በሠላሳ አምስት ዓመቱ ጡረታ የወጣ ጭንቅላት በየቢሮው ሞልቷል። ያለፈው ዓመት ሪፖርት ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ይቀርባል፤ አለቃው አያነበውም፤ ጸሐፊውም እንደማይነበብ ያውቃል። ደመወዝ ይከፈላል፣ እድገት ይመጣል፣ ሃያ ዓመት ያልፋል። እንዲህ ያለው ሰው ስልሳ ሲሞላው ቢሮው የሚወስድበት ወንበሩንና ማኅተሙን ነው። ሌላው አስቀድሞ ሄዷል። ስለዚህ ስለ ጡረታ ለሃያ አምስት ዓመት ልጅ መጻፌ አይግረማችሁ፤ ለስልሳ ዓመት ሰው ብጽፈው ይዘገያል።

ሐኪም ስላልሆንኩ ከሕክምናው የማነሣው ጥቂት ነው። የመርሳት በሽታ ሁሉም አዛውንት ላይ የሚደርስ የእርጅና ዕጣ እንዳልሆነ የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ ይናገራል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 አጋላጭ ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ እነዚህ ሁሉ ቢወገዱ ከበሽታው ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሎ ገምቷል። ዝርዝሩ ውስጥ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ የበዛ መጠጥ፣ አለመንቀሳቀስ፣ ብቸኝነት፣ የትምህርት ማነስና የጭንቅላት ጉዳት አሉበት። አብዛኞቹ በእናንተ ዕድሜና በጎልማሳነት የሚጀምሩ ናቸው። በዘንባባው ጎዳና ያለ ራስ ቁር ሞተር ብስክሌት የምታበርሩ ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉልኝ።

ዝርዝሩ ውስጥ የመስማትና የማየት ችግርም አለ። አባታችሁ ጨዋታ መሐል ዝም ማለት ከጀመሩ «አረጁ» ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ጆሯቸውን አስመርምሩ። የማይሰማ ሰው መጀመሪያ ይገምታል፣ ቀጥሎ ያለቦታው ይስቃል፣ በመጨረሻ ከጨዋታው ይወጣል። ሰው ደግሞ ዘነጋ ይለዋል።

ዳማና ገበጣስ? እኔም ከሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ዳማ የሚጫወቱትን ጓደኞቼን አልነቅፍም፤ ወዳጅነቱ ብቻ ይበቃል። ግን አንድን ጨዋታ ደጋግሞ መጫወት በዋናነት የሚያጎብዘው በዚያው ጨዋታ ነው። አእምሮ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ዴኒስ ፓርክ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 90 የሆኑ ሰዎችን በቡድን ከፋፍለው ለሦስት ወራት ተከታተሉ። አንዱ ቡድን ዲጂታል ፎቶግራፍ ከመሠረቱ ተማረ፤ ሌላው ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ መስፋትን ተማረ፤ ሌሎች ተሰብስበው ሲጫወቱና አብረው ሲዝናኑ ቆዩ። በማስታወስ ችሎታ የተሻሻሉት አዲሱን አስቸጋሪ ነገር የተማሩት ነበሩ፤ በተለይም ፎቶግራፍ የተማሩት። የጨዋታው ቡድን ደስ ብሎት ሰነበተ እንጂ ያን ያህል አላተረፈም።

ይህን ጥናት ሳነብ አልተገረምኩም። ጎጃም ያደገ ሰው የቅኔ ቤትን ያውቃል። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የገነነው በቅኔ ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የለመነውን እህል እየቀመሰ ቅኔ ይቆጥራል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሕጉ ነው። ቅኔ አዲስ መሆን አለበት። ትናንት የተሰጠውን ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ዛሬ የተሰጠው ለዛሬው በዓል ነው፤ ለሚቀጥለው ሌላ ይጠበቃል። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው መምህርም ከዚህ አያመልጡም። በዓሉ ደርሷል፣ ሕዝቡ ቆሟል፣ ሊቃውንቱ ጆሯቸውን ሰጥተዋል። ሰሙና ወርቁ ከገጠመ «ይበል!» ይባላል። ካልገጠመም አዋቂው ጆሮ ያውቀዋል።

ይህን ሥርዓት ያቆሙት አበው ስለ አንጎል ሕዋስ አላጠኑም፤ የሠሩት ሥራ ግን አእምሮ የሚፈልገውን ሁሉ ይዟል። አዲስ ነገር መፍጠር ግዴታ ነው፤ ቀነ ገደብ አለው፤ ከሁሉም በላይ ሠርተህ ያመጣኸውን የሚመዝን ሰው አለ። እንግዲህ ደረስኩበት ያልኳችሁ ይኸው ነው። ሰባን አልፈው ሕያው ሆነው ያየኋቸው ሰዎች ሁሉ ሥራቸውን የሚጠብቅና «ይህ አልገጠመም» ሊላቸው የሚችል ሰው ነበራቸው። የደነዘዙት ይህን ያጡት ናቸው። የመንፈስ መነቃቃት እስኪመጣ እጠብቃለሁ የሚል ሽማግሌ ሲጠብቅ ይሞታል።

የእኛ ባህል ደግሞ እዚህ ላይ ያስቸግራል። አክብሮታችንን እወደዋለሁ፤ ወንበር ሲለቀቅልኝ ደስ ይለኛል፤ «ኖር» መባል አልጠላም። ነገር ግን ፀጉር እየሸበተ ሲሄድ «ልክ ነዎት» ይበዛል። ሽማግሌው የተናገሩት ስህተት መሆኑን ወጣቱ እያወቀ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይሰማል፤ ወጥቶ ከእኩዮቹ ጋር ይስቃል። አለቃ ለሆነ ሰው ይህ ገና በአርባ ዓመቱ ይጀምራል። የሚለውን ሁሉ ሰው ይስማማበታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይከራከረው ከኖረ በኋላ ጡረታ ወጥቶ እድር ላይ አንድ ሰው ሲቃወመው ይቆጣል፤ የመከራከር ጉልበቱ ጠፍቷላ! እናም እኛን በማክበር ስም አትተዉን። ተነሥታችሁ፣ «እርስዎ» ብላችሁ፣ ድምፃችሁን ሳታነሡ ተከራከሩን። አክብሮትና ክርክር አብረው ይሄዳሉ፤ በቅኔ ቤት አብረው ኖረዋል።

የራሴን ልንገራችሁ። በእኛ ጊዜ መሬት የሚለካው ቴዎዶላይት በሚባል የማዕዘን መለኪያ መሣሪያ ነበር፤ ካርታም በእጅ ይሣላል። ዛሬ የካርታ ሥራ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ኪው ጂ አይ ኤስ የሚባል በነጻ የሚገኝ የካርታ ሶፍትዌር አለ። «ሴንቲኔል-2» የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ ያህል የሚያነሷቸው፣ እስከ 10 ሜትር ስፋት ያለውን ነገር ለይተው የሚያሳዩ ምስሎችም በነጻ ይገኛሉ። ይህን የምታስተምረኝ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣች የጎረቤቴ ልጅ ናት። የምንሠራው የእምቦጭን ካርታ ነው። አረሙ ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ያሉ አርሶ አደሮችና ዓሣ አስጋሪዎች ምን እንዳዩ ታውቃላችሁ።

ልጅቷ ቀይ ቀለም ያልነካው ካርታ መልሳልኝ አታውቅም። «ጋሼ፣ ይህ ደመና ነው» ትለኛለች፤ ክረምት ላይ ሳተላይቱም ከደመናው በላይ ምን እንዳለ እንጂ ከሥሩ ያለውን አያይማ። እኔ ደግሞ ኮምፒውተሩ እምቦጭ ብሎ የቀባውን አይቼ «ይህ ደንገል ነው» እላታለሁ። ሁለቱም ከላይ ሲታዩ አረንጓዴ ናቸው። ደንገሉ ግን ሥር ሰድዶ ባለበት ይቆማል፤ እምቦጩ ነፋስ እየነዳው ቦታ ይለውጣል። ሁለት ሳምንት የተራራቁ ምስሎችን ብታነጻጽሪ ይለይልሻል አልኳት፤ ሞክራ አመነች። አንድ ጊዜ ደግሞ ያረጀ የ1፡50,000 ካርታ ከሳተላይት ምስል ጋር አልገጥም ብሏት ስትቸገር ደረስኩ። ወንዙም መንገዱም ወደ 200 ሜትር ገደማ ሸርተት ብሏል። የድሮ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመነሻ ሥርዓት፣ ማለትም የቦታ ልኬት ከየት እንደሚነሣ በሚወስነው ስምምነት ነው፤ የዛሬዎቹ ደግሞ በዓለም አቀፉ። ለእኛ ይህ ፊደል ነበር፤ እሷ ግን የሚያስረዳት አላገኘችም። ያን ዕለት ቡናውን ያፈላችው እሷ ናት።

አንድ የአገር ልጅ ምሳሌ ልጨምር። ሀዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ሰው ናቸው፤ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. ነው። አገር ሁሉ የሚያውቀውን ልብ ወለዳቸውን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ሃምሳ ስድስት ሆኗቸው ነበር። ሰባዎቹ ውስጥ ሆነውም አዳዲስ መጻሕፍት አሳትመዋል። አርበኛ፣ እስረኛ፣ አምባሳደር፣ ሚኒስትር ሆነው ያለፉ ሰው መሆናቸውን አስታውሱ። ብዕሩ ከሥልጣኑ ጎን ለጎን ኖሯል። «ጡረታ ስወጣ እጽፋለሁ» የሚል ወዳጅ ብዙ አለኝ፤ ከመካከላቸው የጻፈ ግን እስካሁን አላየሁም።

ታዲያ ዛሬ ምን ታደርጋላችሁ? ከደመወዛችሁ ጋር ያልተያያዘ፣ ጀማሪ የሆናችሁበት አንድ ነገር ይኑራችሁ፤ መሰንቆ ይሁን፣ ዐረብኛ ይሁን፣ ንብ ማነብ ይሁን ለእኔ ግድ የለኝም። የሚከብድ መሆኑ ይበቃል። በእሱም ላይ የሚበልጣችሁን ሰው ፈልጉ፤ ያ ሰው በዕድሜ ቢያንሳችሁ የበለጠ ጥሩ ነው፤ ስልሳ ሲሞላችሁ እኩዮቻችሁ እየቀነሱ ይሄዳሉና። ሥራችሁን በደብተር መዝግቡ፤ ከኋላ የሚመጣው ይጠይቃችኋል። አለቃ ከሆናችሁ፣ ሐሳባችሁን የሚቃወመውን ሠራተኛ ወደ ሌላ ክፍል አታዛውሩት። መራመድና መተኛት አትርሱ፤ ሐይቁ ዳር ለመራመድ ክፍያ የለም፣ ቢያንስ በአብዛኛው ቦታ።

ይህ ሁሉ ለሆዱ ለማያስብ ሰው ነው የሚለኝ ይኖራል፤ እውነት አለው። የአገራችን አብዛኛው ሰው የጡረታ አበል የሚባል የለውም። ደንገል አጭዶ ታንኳ የሚሠራው አዛውንት ጉልበቱ እስኪከዳው ይሠራል። እሱ የጎደለው ሥራ አይደለም፤ እውቀቱን የሚጠይቀው ሰው ነው። ከእናንተ አንዱ ሄዶ «ደንገሉን በየትኛው ወር ታጭዳለህ? ለምን?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ሲመልስም «ለምን?» ብሎ ቢደግምበት፣ ሁለቱም ያተርፋሉ።

ከልጅቷ ጋር አሁንም ያልጨረስነው ክርክር አለ። ግልገል ዓባይ ወደ ጣና በሚገባበት በኩል፣ ምስሎቹ ላይ መሬቱ ወደ ሐይቁ የገፋ ይመስላል። እኔ ወንዙ ያመጣው ደለል ነው እላለሁ። እሷ ደግሞ ምስሎቹ የተነሡት ውኃው እኩል ከፍታ ላይ እያለ ካልሆነ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም ትላለች። ነገሯ መሠረት አለው። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ቢሆን ነው፤ ዳሩ ዝርግ ስለሆነ ውኃው ትንሽ ሲጎድል ብዙ መሬት ይገለጣል። ከክረምት በኋላ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይወርዳል። በዚያ ላይ በ1988 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የጨረጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብና በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ከፍታውን ይለውጡታል። ስለዚህ ከየዓመቱ ተቀራራቢ ከፍታ ያላቸውን ቀኖች መርጠን እንደ አዲስ ልንለካ ተስማምተናል። እሷ ምስሎቹን ታወርዳለች፤ እኔ የሐይቁን የከፍታ መዝገብ ለማግኘት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። መዝገቡ እስኪመጣ ድረስ ደለል ነው ባይ ነኝ።