«ኮር አይ 7 ነው» ሲሉህ፣ ስንተኛ ጀነሬሽን ነው በል

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ጠያቂው የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። ላፕቶፑ አልችል ስላለው ዴስክቶፕ ራሱ ሊገጣጥም አስቧል፤ ገንዘቡ ግን ውስን ነው። አንድ ነጋዴ ያገለገለ «ኮር አይ 7፣ 16 ጊጋ ራም፣ ከነግራፊክስ ካርዱ» በቅናሽ ልስጥህ ብሎታል። በቅርቡ ከዱባይ የምትመጣ እህትም አለችው። «የነጋዴውን ልግዛ ወይስ ልገጣጥም? ለእህቴስ ምን ልዘዛት?» ይላል።

ወንድሜ፣ የነጋዴውን ተወው። «አይ 7» የሚለው የፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ስም ብቻውን ምንም አይነግርህም። በላክልኝ ፎቶ ላይ የሚታየው የፕሮሰሰሩ ቁጥር 3770 ነው፤ 3ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ)፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አይ 3-12100 እንደ እሱው ባለ አራት ኮር (የማስላት ክፍል) ሆኖ ፍጥነቱ እጥፍ ያህል ነው። በዚያ ላይ ዊንዶውስ 11 ያንን 3770 በይፋ አይቀበልም።

ለአንተ ሥራ አይ 5-12400 ይሻልሃል። ባለ ስድስት ኮር ነው። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። የዛሬ ካሜራዎች ብዙዎቹ ኤች.265 በሚባል የቪዲዮ መጭመቂያ ፎርማት ይቀርጻሉ፤ ፕሪሚየር በሚባለው ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ ቪዲዮው የሚቆራረጥብህም ብዙ ጊዜ በዚሁ የተነሳ ነው። ይህ ፕሮሰሰር ውስጡ ባለው ግራፊክስ ያንን ፎርማት በደንብ ይፈታል። ስለዚህ ለጊዜው ግራፊክስ ካርድ አትግዛ። ገንዘብ ሲገኝ ትጨምራለህ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ከቁጥሩ ኋላ «ኤፍ» የሚል ፊደል ካለ አትግዛ። ትንሽ ይረክሳል፤ ግን ግራፊክሱ የተዘጋ ነው። ካርድ ካልገዛህለት ስክሪኑ ጨለማ ይሆንብሃል። ለእህትህ ሙሉውን ቁጥር ጽፈህ ላክላት፤ በስልክ ብቻ አትንገራት። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ፋን አብሮ እንዲመጣ ካርቶኑ ያልተከፈተውን ትግዛ። ራሙንና ኤስኤስዲውንም (ፈጣኑን ፋይል ማከማቻ) እሷው ታምጣ፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር ሦስቱም ቦርሳ ጥግ የሚገቡ ናቸው። ኬዝና ፓወር ሰፕላይ ከባድ ስለሆኑ እዚሁ ግዛ።

ራሙን ከማዘዝህ በፊት ግን ማዘርቦርዱን (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ) ወስን። 12400ን የሚቀበሉ ቦርዶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ገሚሱ ዲዲአር 4 የሚባለውን የራም ዓይነት፣ ገሚሱ ዲዲአር 5 የሚባለውን ይወስዳል። ማስገቢያቸው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ለአቅምህ ዲዲአር 4 ይበቃል። ኤች 610 የሚባሉት ቦርዶች ርካሽ ናቸው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ የራም ቦታቸው ሁለት ብቻ ነው። ባለ አራት ቦታ ቢ 660 ካገኘህ ያንን ውሰድ። አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ግዛ። የውስጡ ግራፊክስ የሚሠራው ከራሙ ተበድሮ ነው፤ ሁለት ሲሆኑ ይፈጥናል።

ኤስኤስዲ 500 ጊጋ ይበቃሃል፣ ግን «ኤንቪኤምኢ» (ፈጣኑ ዓይነት) የሚል ይሁን። ቅርጹ ያው ሆኖ ሳታ በሚባለው በቆየው አገናኝ የሚሠራም አለ፤ እሱ ቀርፋፋ ነው። ያለቁ ሠርጎችን ወደ ተራ ሃርድ ዲስክ አዛውር።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚቆጥብበት ወደ ፓወር ሰፕላይ ልምጣ። እባክህ እዚህ ላይ አትቆጥብ። ከርካሽ ኬዝ ጋር ተገጥሞ የሚመጣውን «600 ዋት» የሚል ጽሑፍ አትመን። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አንብብ። በ12 ቮልት ሥር ያለውን አምፔር በ12 አባዛው። 20 አምፔር ከሆነ የምታገኘው 240 ዋት ነው፤ ሌላው ወሬ ነው። እውነተኛ ባለ 550 ዋት እዚያው ላይ 40 እና ከዚያ በላይ አምፔር ያሳያል። ኃይል ብዙ እንደማያባክን የሚያሳየው የ80 ፕላስ ምልክት ያለበትን ምረጥ። 12400 ሲበዛ 117 ዋት ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ 550 ዋት ነገ ለምትጨምረው መካከለኛ ካርድም ይተርፋል። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው ሳትሰካ በፊት 230 ላይ መሆኑን እይ። 115 ላይ ሆኖ ከእኛ 220 ጋር ከተገናኘ ወዲያው ይፈነዳል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚዘለውን ቮልቴጅ ታውቀዋለህ። መናኛ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ማዘርቦርዱን ይዞት ሊሄድ ይችላል። እኔ ብሆን ከግራፊክስ ካርዱ በፊት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለጊዜው የሚያቆይ ዕቃ) እገዛ ነበር። የሰው ሠርግ ሬንደር እያደረግህ (የተቀናበረውን ቪዲዮ እያወጣህ) መብራት ሲጠፋ ደንበኛው አይሰማህም።

ስትገጣጥም መጀመሪያ ኬዝ ውስጥ አታስገባ። ማዘርቦርዱን በራሱ ካርቶን ላይ አድርገህ ፕሮሰሰሩን፣ ፋኑንና አንድ ራም ብቻ ግጠምና ከፓወር ሰፕላዩና ከስክሪኑ ጋር አገናኝተህ አብርተህ ሞክረው። የፕሮሰሰሩ ማስቀመጫ ላይ ያሉትን ቀጫጭን እግሮች በጣት እንዳትነካ፤ ከታጠፉ ማቃናቱ ፈተና ነው። ያገለገለ ቦርድ ስትገዛም ክዳኑን አስከፍተህ እነሱን እይ። ፋኑ ዞሮ ምስል ካልመጣ አትደንግጥ። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ጥግ ላይ ያለውን ባለ 8 ቀዳዳ የኃይል ሶኬት ሰክተኸው እንደሆነ አረጋግጥ፤ ጀማሪ ሁሉ የሚረሳው እሱን ነው። ከዚያ ራሙን አውጥተህ ቀጭ እስኪል ድረስ መልሰህ ግፋው። አሁንም ካልሆነ የፓወር ሰፕላዩን ሰንጠረዥና የቦርዱን ፎቶ ላክልኝ።