አዲስ አበባ ላይ ፊልም ለምታሳዩ፦ ማን ምን ይዞ ይምጣ?

ለዕረፍት አዲስ አበባ ገብታችሁ የጥንት ጓደኞቻችሁን ሰብስባችሁ ፊልም እያያችሁ ልታመሹ ካሰባችሁ፣ ከፊልሙ በፊት አጠራራችሁን አስተካክሉ። እናንተ በለመዳችሁት አገር «ሁሉም የሚበላ ይዞ ይምጣ» ማለት ነውር የለውም። እዚህ ግን የጠራ ሰው ነው የሚያበላው፤ በዚያ ላይ ከውጭ የመጣ ሰው ሲለው ስስት ይመስላል። ስለዚህ እንጀራውን፣ ቡናውንና አንዱን ዋና ወጥ ራሳችሁ ቻሉ። ቀሪውን በየስሙ ጠይቁ፦ «ያንቺ ሽሮ ናፍቆኛል፤ እሱን ይዘሽልኝ ነይ።» እንዲህ የተባለ ሰው ደስ ብሎት ያመጣል። «ደስ ያላችሁን አምጡ» ካላችሁ ግን አራቱ ኬክና ለስላሳ ይዘው ይመጣሉ፣ ወጥ የሚባል አይኖርም።

ቀኑን ቅዳሜ አድርጉት። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ እሑድ ማታ ደግሞ ነገ ሥራ ያለበት ሰው ቶሎ መሄድ ይፈልጋል። ለገና የምትመጡ ልብ በሉ፦ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባና እስከ በዓሉ ዋዜማ ይዘልቃል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። እኔ የምመክረው ምግቡን በሙሉ የጾም ማድረግን ነው። የሚጾመውም የማይጾመውም ይበላዋል፤ ክርስቲያንና ሙስሊም ጓደኞች ባሉበትም ሥጋው በማን እጅ ታረደ የሚል ጥያቄ አይነሳም። ሽሮ ለሚያመጣው ሰው ቅቤ እንዳይገባበት አስቀድማችሁ ንገሩት።

ለ10 ሰው 25 እንጀራ ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ አምስቱ ለትሪው ምንጣፍ። ግማሽ ኪሎ ምስር ክክና ሩብ ኪሎ ሽሮ ከጎመንና ከጥቅል ጎመን ጋር ሆኖ አይጎድልም። ሽሮ መንገድ ላይ ስለሚጠጥር ቀጠን ብሎ ይምጣና እናንተ ጋ እንደገና ይንተክተክ። የቲማቲም ፍትፍት ቤት ደርሶ ይፈትፈት፤ ተሠርቶ ከመጣ ይላቁጣል። የተከራያችሁት አፓርታማ ምድጃ ሁለት ብቻ ከሆነ፣ መሞቅ ያለበት ምግብ ከሁለት እንዳይበልጥ አድርጋችሁ አከፋፍሉ።

ለምሽቱ አንድ መልክ ስጡት። የድሮ የፒያሳ ሲኒማ ቤት መልክ ለዚህ ትውልድ ልብ ይነካል፤ በተለይ በ2016 ዓ.ም. ብዙው የፒያሳ ቤት ከፈረሰ ወዲህ። ቁጥር ያለው የወረቀት ቲኬት ቁረጡ፣ በር ላይ አንድ ሰው ይቅደድ፣ ኮሎና ኦቾሎኒ በጋዜጣ ጥቅልል ይታደል። ያኔ ሰው ተሰልፎ ያየው የነበረው የህንድ ፊልም ወይም የቆየ የአማርኛ ፊልም ይስማማዋል። ወላጅ አብሮ የሚቀመጥ ከሆነ ፊልሙን ቀድማችሁ እስከ መጨረሻው እዩት፤ አንድ ያልታሰበ ትዕይንት ቤቱን በሙሉ አንገት ያስደፋል።

ዕቃውን በተመለከተ፣ እዚህ ያለው መብራት 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የመጣ የፈንድሻ ማሽን 120 ብቻ የሚል ከሆነ ሲሰካ ይቃጠላል። ፕሮጀክተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈበት ችግር የለም፤ ክብ እግር ያለው አዳፕተር ብቻ ይበቃዋል። ፊልሙን በኢንተርኔት አጫውታለሁ አትበሉ፤ ያወረዳችሁትም አገር ስትቀይሩ አልከፍትም ሊል ይችላል። ከአንድ ቀን በፊት ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ ሞክሩት። መብራት ቢጠፋ ፕሮጀክተሩ ይቆማል፤ ላፕቶፑና ድምፅ ማጉያው ግን ቻርጅ ከተደረጉ በትንሹ ስክሪንም ቢሆን ይጨረሳል።

ሰዓቱን በቃል ንገሩ፦ «ከምሽቱ 12 ሰዓት።» ስልካችሁ 6 ስለሚል ቁጥሩን ብቻ ከላካችሁ ግራ የሚጋባ አይጠፋም። መብላት 12 ተኩል፣ ፊልም 2 ሰዓት ይሁን። በወጥ የራሰ እጅ ጨለማ ውስጥ ሶፋ ስለሚያበላሽ፣ መብራት በርቶ ይበላ፣ እጅ ይታጠብ፣ ትሪው ይነሳ። ቡናው ምሽቱን ራሱ ይከፋፍልላችኋል፦ ቡና ቆልቶ አቦሉን ከፊልሙ በፊት፣ ቶናውን መሃል ላይ፣ በረካውን ሲያልቅ። ፊልሙ እየታየ አትቁሉ፤ የቡናው ጭስና ዕጣኑ የፕሮጀክተሩን ብርሃን ያደበዝዘዋል።

ፈንድሻው ግን ትኩስ መሆን አለበት። ወፈር ያለ ድስት ውስጥ ሦስት ማንኪያ ዘይት ከሦስት ፍሬ ጋር ጣዱ። ሦስቱም ሲፈነዱ ፍሬዎቹን አውጡ፣ 100 ግራም ጨምሩ፣ ድስቱን ለግማሽ ደቂቃ ከእሳቱ አንሱና መልሱት። ሁሉም እኩል ስለሚሞቅ አብዛኛው አንድ ላይ ይፈነዳል፣ ያልፈነዳውም ትንሽ ይሆናል። ክዳኑን በትንሹ ገርበብ አድርጉት፤ እንፋሎቱ ካልወጣ ፈንድሻው እንደ ማስቲካ ይሆናል። ለ10 ሰው ሦስት ጊዜ ማፈንዳት ነው።

ግቢው ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ከተተከለ ዝግጅቱ ይተላለፍ። ከሌለም ለጎረቤትና ለዘበኛው ቀድማችሁ ንገሩ፤ ለዘበኛው አንድ ሳህን ምግብ ይውረድለት። አምሽቶ ስለሚያልቅ ታክሲውን በስልክ ስትጠሩ ሁለት ሁለት ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ አቅጣጫ እንዲሄዱ አድርጉ። እንግዶቹ ያመጡበትን ድስትና ምሳ ዕቃ እዚያው አጥባችሁ፣ ባዶውን ሳይሆን ከውጭ ካመጣችሁት ቸኮላት ወይም ከተረፈው ኮሎ ጣል አድርጋችሁበት በየባለቤቱ እጅ ስጡ።