ለልጆች ስኳር ሕመም ምርምር በቡድን ለመራመድ ስትነሡ

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ነው የምሠራው። አሥራ ስድስት ሆነን ብሬክስሩ ቲ ዋን ዲ የተባለው የዓይነት 1 ስኳር ሕመም ምርምርን የሚደግፍ ድርጅት በሚያዘጋጀው የእግር ጉዞ በመሥሪያ ቤታችን ስም ልንሳተፍ ነው። አስተባባሪዋ እኔ ነኝ። ሁሉም በዜል (በስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያ) ልከውልኝ በአንድ ላይ ልከፍል አስቤያለሁ፤ ቲሸርትም እናሳትማለን። ያስኬዳል?

መልስ፦ ዜሉን ይተዉት። ደረሰኝ የሚወጣው በከፋዩ ስም ነው፤ አሥራ አምስቱ ለእርስዎ ልከው እርስዎ ከከፈሉ ለግብር የሚያገለግለው ወረቀት የእርስዎ ብቻ ይሆናል። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሰጠ ሰው ደግሞ አይአርኤስ (የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) ከተቀባዩ ድርጅት የተጻፈ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ የባንክ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ከዚህ የሚብሰው ማቺንጉ መቅረቱ ነው። ብዙ ትልልቅ አሠሪዎች ሠራተኛቸው የሰጠውን ያህል ይጨምራሉ፣ ግን በራሱ ስም መስጠቱን በደረሰኝ ሲያሳይ ነው። የእናንተ ድርጅት ባይጨምር እንኳ የአንዷ ባል መሥሪያ ቤት ሊጨምር ይችላል፤ ጠይቁ፣ ማመልከቻው መቼ እንደሚዘጋም አጣሩ።

ስለዚህ በአዘጋጁ ድረ ገጽ ላይ የቡድን ገጽ ይክፈቱ፣ ሊንኩን በቴሌግራም ይላኩ፣ እያንዳንዱ ራሱ ተመዝግቦ በካርዱ ይክፈል። በካርድ መክፈል የማይሆንላቸው እናቶችና አባቶች ቼኩን በአዘጋጁ ድርጅት ስም ጽፈው ከታች ባለው የማስታወሻ መስመር ላይ የቡድኑን ስም ያስፍሩ። ቼክ ገጹ ላይ እስኪታይ ጊዜ ስለሚወስድ ቶሎ ይላክ።

ቲሸርቱን መሥሪያ ቤቱ ከራሱ በጀት ይክፈል። ለምርምር ተብሎ ከተሰበሰበ ብር ላይ የማተሚያ ዋጋ መቁረጥ አያምርም።

ገንዘቡ ምን ላይ ይውላል የሚል አይጠፋም። ድርጅቱ በ1970 በወላጆች የተመሠረተው፣ እስከ 2024 ጄዲአርኤፍ ሲባል የቆየው ነው። ለረጅም ጊዜ ከደገፋቸው ምርምሮች አንዱ ቴፕሊዙማብ ነው፤ ኅዳር 2022 በአሜሪካ የተፈቀደ፣ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ሙሉ በሙሉ እስኪገለጥ በአማካይ ሁለት ዓመት ገደማ የሚያዘገይ መድኃኒት።

ጥያቄ፦ የአንዷ ባልደረባችን የስምንት ዓመት ልጅ ዓይነት 1 አለበት፤ አብሮን ይራመዳል። ምን እንያዝ?

መልስ፦ ኢንሱሊኑን የምትወስነው እናቱ ናት። የእናንተ ሥራ ቦርሳውን የያዘ ሰው ከልጁ አጠገብ እንዳይርቅ ማድረግ ነው። ስትራመዱ ጡንቻ ስኳሩን ይስባል፣ ኢንሱሊኑም ይበረታል፤ ስለዚህ ዋናው ስጋት መውረዱ ነው።

ቦርሳው ውስጥ ጁስ፣ የግሉኮስ ክኒን፣ ብስኩት፣ ግሉካጎን (ስኳር በጣም ሲወርድ የሚሰጥ የድንገተኛ መድኃኒት) እና ከጣት ደም ስኳር የሚለካ መሣሪያ ይኑሩ። ክንዱ ላይ ስኳሩን የሚከታተል ሴንሰር ቢኖርም መለኪያው አይቅር፤ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ ሴንሰሩ ከደሙ በደቂቃዎች ወደኋላ ይቀራል፣ በላብም ሊላቀቅ ይችላል። ኢንሱሊኑን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ሙቀት ያበላሸዋል።

ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መገርጣት፣ ድንገተኛ መነጫነጭ ካያችሁ «ደክሞት ነው» ብላችሁ አትለፉት። አስቀምጡትና ለኩት። ከ70 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከሆነ የሚሰጠው የተለመደ መጠን 15 ግራም ስኳር ነው፦ 120 ሚሊ ሊትር ጁስ ወይም ባለ 4 ግራም ክኒን አራት። ለትንሽ ልጅ ከዚህ ያነሰ ሊበቃ ስለሚችል የእሱን መጠን ከእናቱ አስቀድማችሁ ያዙ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩት፤ ካልወጣ ድገሙት። ዳይት ኮካ ምንም አይረዳም፤ ቸኮሌትም ስቡ ስለሚያዘገየው ለዚህ አይሆንም።

ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ። በጎኑ አስተኝታችሁ ግሉካጎኑን ስጡና 911 ደውሉ። በአፍንጫ የሚሰጠው ግሉካጎን አንድ መጠን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ይሠራ እንደሆነ ልሞክር ብሎ አስቀድሞ የገፋው ሰው ባዶውን ይዞ ይቀራል። ልጁ መሳብ አያስፈልገውም፤ ጫፉን አፍንጫው ውስጥ አስገብቶ እስከ መጨረሻው መግፋት ይበቃል።

ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ ኪቶንም (ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት ስብ አቃጥሎ የሚያመነጨው አሲድ) ከተገኘበት ያን ቀን አይራመድ፤ እናቱ ሐኪሙን ታማክር።

ጥያቄ፦ ከጉዞው በኋላ እንጀራና ኬክ እናቀርባለን። ለእሱ ሌላ ምግብ እናዘጋጅ?

መልስ፦ አያስፈልግም፤ ኬኩንም አትከልክሉት። ሕመሙ የመጣው ጣፋጭ በመብላት ሳይሆን ሰውነቱ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ራሱ ስላጠፋቸው ነው። እናቱን የሚያስቸግራት እየተነሣ መቆንጠሩ ነው፤ ኢንሱሊኑ የሚሰላው በሚበላው መጠን ስለሆነ ድርሻውን በአንድ ሳህን ለይታችሁ ስጧት። የእንጀራ ስፋትና ውፍረት ከጋጋሪ ጋጋሪ ስለሚለያይ ትንሽ የኩሽና ሚዛን ብታመጡላት ግምቷን ያቀልላታል። ስኳሩ ሌሊትም ሊወርድ ስለሚችል ማታ መከታተሏን አታቋርጥ።