ሆትሜይል አውትሉክ ሲባል ምን ተለወጠ?

ጥያቄ፦ ለረጅም ጊዜ የምጠቀመው በሆትሜይል አድራሻ ነው። «ሆትሜይል ቀርቷል፤ አውትሉክ አዲስ ነው፣ በነፃ ነው፣ እንደ ጂሜይል ደብዳቤ አያነብም» ይሉኛል። የድሮውን ዘግቼ አዲስ ላውጣ?

መልስ፦ እንዳይዘጉት። አውትሉክ ዶት ኮም ያው ሆትሜይል ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረውን ሆትሜይል ማይክሮሶፍት በ1997 ገዛው፤ በ2012 አዲሱን ስም አወጣ፤ በ2013 ነባር ተጠቃሚዎችን ሁሉ ከነደብዳቤያቸው አዛወረ። የገጹ መልክ ተለውጧል፤ አድራሻዎና የይለፍ ቃልዎ ግን እንደነበሩ ናቸው።

«ጂሜይል ያነብብዎታል» የሚለው ወሬ ማይክሮሶፍት ራሱ በ2013 ካካሄደው የማስታወቂያ ዘመቻ የመጣ ነው። ያኔ ጂሜይል ማስታወቂያ ለመምረጥ ደብዳቤን በኮምፒውተር ይፈትሽ ስለነበር ወቀሳው መሠረት ነበረው። ጉግል ግን በ2017 ይህን እንደሚያቆም አስታውቋል፤ ስለዚህ ዛሬ አንዱን ከሌላው ለመምረጥ ምክንያት አይሆንም። አውትሉክም ቢሆን አገልግሎቱን በነፃ የሚሰጠው ማስታወቂያ እያሳየ ነው፤ አንዳንዱ ደብዳቤ መስሎ ከዝርዝሩ አናት ላይ ይቀመጣል።

ማይክሮሶፍት ጎላ አድርጎ የማይነግርዎት የማከማቻ ቦታውን ነገር ነው። ለደብዳቤ 15 ጊጋባይት ይሰጣል። ከ2023 ወዲህ ግን ከደብዳቤ ጋር የተያያዙ ፎቶና ፋይሎች (ዓባሪዎች) የሚቆጠሩት ዋንድራይቭ በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማከማቻ ላይ ካለዎት 5 ጊጋባይት ነው። የስልክዎ ፎቶዎችም እዚያው የሚቀመጡ ከሆነ ቶሎ ይሞላል። ሲሞላ 15ቱ ገና ባዶ ቢሆን እንኳ መላክም መቀበልም ይቋረጣል፤ ብዙ ሰው «ኢሜይሌ ተበላሸ» የሚለው ይህን ነው። መቼቶች ውስጥ ገብተው ማከማቻውን ይመልከቱ፤ ትልልቅ ዓባሪ ያላቸውን ደብዳቤዎች ኮምፒውተርዎ ላይ ካስቀመጡ በኋላ ይሰርዙ፤ ከዚያ የተሰረዙትን ማኅደር ባዶ ያድርጉ፤ እዚያ እስካሉ ድረስ ቦታው አይለቀቅም።

የአውትሉክ አድራሻ ካማረዎት በማይክሮሶፍት መለያዎ ውስጥ እንደ ተጨማሪ ስም ያስገቡት፤ ደብዳቤው ወደዚያው ሳጥን ይገባል። የሆትሜይሉን ስም ግን በፍጹም አያስወግዱ። አንዴ ከወጣ በማንም መለያ ላይ ተመልሶ አይገባም፤ ባንክዎ ወይም ፌስቡክዎ በእሱ ከተመዘገበ የይለፍ ቃል ማደሻው መልእክት አይደርስዎትም።

ቢያንስ በሁለት ዓመት አንዴ መግባት አለብዎት፤ አለዚያ መለያው ሊዘጋ ይችላል። «ሆትሜይልዎ ሊዘጋ ነው፣ ወደ አውትሉክ ለመዛወር እዚህ ይጫኑ» የሚል መልእክት ከደረሰዎት ማጭበርበር ነውና አይጫኑት፤ ዝውውሩ በ2013 አልቋል።